ያረጀ ስዊች ሲጨናነቅ፦ ጥፋቱ የዕድሜ ነው ወይስ የሌላ?

በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የኮምፒዩተር ክፍል፣ ከአንዱ ጥግ ወይም ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ፣ አቧራ የለበሰ አንድ ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን ይገኛል። ከፊቱ 24 ወይም 48 ቀዳዳዎች ተደርድረዋል፤ ከየቀዳዳው ገመድ ይወጣል፤ ከየቀዳዳው በላይ ደግሞ አንዲት አነስተኛ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ይህ መሣሪያ «ስዊች» ይባላል። በስም ከግድግዳው የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ጋር ይመሳሰላል እንጂ በሥራ አይገናኝም። ተግባሩ በክፍሉና በግቢው ያሉትን ኮምፒዩተሮች እርስ በርስና ከውጭው ዓለም ጋር ማገናኘት ነው።

ስዊች በደኅና ሲሠራ የሚያስታውሰው የለም። የታመመ ዕለት ግን ፋይል አይከፈትም፤ ማተሚያው አይታዘዝም፤ ተማሪዎች ባዶ ስክሪን ላይ ያፈጣሉ፤ ክፍለ ጊዜውም «ቆዩ፣ እንደገና ሞክሩ» ሲባል ያልቃል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር አማካይነት መሰጠቱ ይታወሳል። ትምህርትና ፈተና ወደዚህ አቅጣጫ በተጠጉ መጠን የመረብ መሰናክል የባለሙያ ራስ ምታት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የተማሪውን ጊዜና ውጤት የሚነካ ጉዳይ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ችግር ሲደርስ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «አርጅቷል፤ ይለወጥ» የሚል ነው። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ያለ ምርመራ የተሰጠ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የስዊች ፕሮሰሰር፣ ማለትም አንጎሉ፣ በሥራ ሲጨናነቅ ምክንያቱ በምን ዓይነት ቅደም ተከተል እንደሚፈለግ ማስረዳት ነው። አንባቢው የመረብ ባለሙያ መሆን አያስፈልገውም፤ በማስታወሻ ደብተር መጻፍና በትዕግሥት መመልከት ይበቃዋል።

አንድ አጋጣሚ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለማስተማር ልምምድ የወጡ እጩ መምህራንን ለመከታተል በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተገኘበት ወቅት የሚከተለውን ተመልክቷል። የትምህርት ቤቱ ባለ 24 ቀዳዳ ስዊች ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ነው። ለሦስት ሳምንታት ያህል በየቀኑ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ መረቡ እየዛለ ሄዶ በመጨረሻ ይቆማል። የኮምፒዩተር ክፍሉ ሠራተኛ እስከ ቀትር ይታገሥና በምሳ ሰዓት የስዊቹን ገመድ ከኤሌክትሪኩ ነቅሎ መልሶ ይሰካዋል። ስዊቹ ወዲያው ይድናል። ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ገደማ ደግሞ ሕመሙ ይመለሳል።

ከዚህ የተነሣ ሁሉም በአንድ ቃል «ይሞቃል፤ ሲያርፍ ይበርድለታል፤ ዕድሜው አልቋል» አሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በመጀመሪያው ቀን ከዚህ የተሻለ ነገር አልታየውም፤ የሣጥኑን አቧራ ጠርጎ፣ መስኮት አስከፍቶ ተመለሰ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ንብረት ክፍሉ መሣሪያው የተበላሸው ሠራተኛው በየቀኑ ከኤሌክትሪክ እየነቀለ ስላንገላታው ነው ሲል አሰበ፤ የአዲሱ ስዊች ዋጋም ከደመወዙ እንዲቆረጥ የሚጠይቅ ደብዳቤ አዘጋጀ። የቀረው ፊርማ ብቻ ነበር። እንግዲህ «ስዊቹ ለምን ደከመ?» የሚለው ጥያቄ የአንድን ሰው እንጀራ የሚመለከት ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

መልሱን ከመስጠታችን በፊት የመሣሪያውን አሠራር በአጭሩ እንመልከት።

ስዊች እንዴት ይሠራል?

ዛሬ በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ የምናየው የገመድ መረብ ሥርዓት «ኢተርኔት» ይባላል። የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል ሲሆን፣ ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ የተባሉ ባለሙያዎች በግንባር ቀደምትነት ሠርተውበታል። በጥንቱ ኢተርኔት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ የጋራ ገመድ ላይ ይንጠለጠሉ ነበር፤ አንዱ ሲናገር ሁሉም ይሰማል፤ ሁለቱ በአንድነት ከተናገሩ መልእክቱ ይጋጫል። ስዊች ይህን ችግር ያቃለለው መልእክቱን ለባለቤቱ ብቻ በማድረስ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር 48 ቢት ርዝመት ያለው የራሱ አድራሻ አለው። አንድ ኮምፒዩተር መልእክት ሲልክ ስዊቹ የላኪውን አድራሻና የመጣበትን ቀዳዳ በሰንጠረዡ ይመዘግባል። ቀጥሎ ለዚያ አድራሻ የተላከ መልእክት ሲመጣ ሰንጠረዡን አይቶ በዚያው ቀዳዳ ብቻ ያወጣዋል። በብዙዎቹ ስዊቾች ለ300 ሴኮንድ ድምፁ ያልተሰማ አድራሻ ከሰንጠረዡ ይሰረዛል። የተቀባዩ አድራሻ ካልታወቀ፣ ወይም መልእክቱ «ለሁሉም» ተብሎ የተላከ ከሆነ፣ ስዊቹ ከመጣበት ቀዳዳ በስተቀር በሁሉም ቀዳዳዎች ይበትነዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ዐቢይ ነጥብ አለ። በስዊቹ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሠራተኞች አሉ። አንደኛው መልእክት ለማሳለፍ ብቻ ተብሎ የተሠራ ፈጣን ቺፕ ነው። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ ነው። ተራው መልእክት በቺፑ በኩል ያልፋል እንጂ ወደ ፕሮሰሰሩ አይደርስም። ፕሮሰሰሩ የሚያየው ለራሱ ለስዊቹ የተላከውን፣ የአስተዳደር ትእዛዞችን፣ የመረቡን ቅርጽ የሚመለከቱትን ምልክቶችና ቺፑ ሊወስንበት ያልቻለውን ብቻ ነው።

ይህን በትምህርት ቤት መስለን ልናየው እንችላለን። ተማሪዎች በየጧቱ በተለጠፈው የክፍል ድልድል መሠረት በቀጥታ ወደየክፍላቸው ይገባሉ፤ አንድ ሺህ ቢሆኑም ርእሰ መምህሩን አያስቸግሩም። ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ የሚሄደው ድልድል ያጣ ወይም ልዩ ጉዳይ ያለው ብቻ ነው። አንድ ቀን ግን ድልድሉ ተቀዶ ቢገኝ፣ ወይም «ሁላችሁም ቢሮ ትፈለጋላችሁ» የሚል ወሬ ቢነዛ፣ ርእሰ መምህሩ ፋታ ያጣል፤ ደወል የሚያስደውልም አይገኝም።

ስለዚህ የፕሮሰሰር ጭነትና የመልእክት ብዛት አንድ ነገር አይደሉም። ሃያ አራቱም ኮምፒዩተሮች ትልልቅ ፋይሎችን ቢለዋወጡ ፕሮሰሰሩ እምብዛም ላይነቃነቅ ይችላል። ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ መጠየቅ ያለበት «ስንት መልእክት አለፈ?» ሳይሆን «ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ የሚጎርፈው ማን ነው? ስለምንስ?» የሚለው ነው።

ጭነቱ እንዴት ይለካል?

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ትእዛዞች ሲስኮ የተባለው ኩባንያ ካታሊስት 2960 እና በመሳሰሉት ስሞች ባወጣቸው ስዊቾች የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ ከሽያጭ ከወጡ ዓመታት ቢያልፉም በየቦታው ዛሬም ያገለግላሉ። የሌሎች ኩባንያዎች ስዊቾች ትእዛዛቸው ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው። ትእዛዞቹ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ያሰፈርናቸው በአነባበባቸው ነው።

በመጀመሪያ ከስዊቹ ጋር በኮንሶል ገመድ መገናኘት ይመረጣል። ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ በመረቡ በኩል ለሚመጣ ጥሪ መልስ ላይሰጥ ይችላልና። የኮንሶሉ ልክ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነት 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የሌለው፣ ስቶፕ ቢት 1 ነው።

ቀጥሎ «ሾው ፕሮሰስስ ሲፒዩ ሶርትድ» የሚለው ትእዛዝ ይሰጣል። ከላይ በሚታየው መስመር የአምስት ሴኮንድ፣ የአንድ ደቂቃና የአምስት ደቂቃ አማካይ ጭነት ይነበባል። ለምሳሌ የአምስት ሴኮንዱ 96%/41%፣ የአንድ ደቂቃው 95%፣ የአምስት ደቂቃው 94% ነው እንበል። 96 የሚለው ጠቅላላ ጭነት ነው። 41 የሚለው ከዚያ ውስጥ በድንገተኛ ጥሪ፣ ማለትም መልእክት በመጣ ቁጥር ፕሮሰሰሩ የያዘውን አቋርጦ በማስተናገድ፣ ያለቀው ነው። ቀሪው 55 በመደበኛ ተግባራት ላይ የዋለ ነው። የድንገተኛው ድርሻ ከፍ ብሎ ከተገኘ መልእክት ወደ ፕሮሰሰሩ እየጎረፈ ለመሆኑ ምልክት ነው። የድንገተኛው ድርሻ አነስተኛ ሆኖ ጠቅላላው ከፍ ካለ ደግሞ ከታች ባለው ዝርዝር ቁንጮ ላይ የተቀመጠውን ተግባር መመርመር ያስፈልጋል።

በአምስት ሴኮንዱ ንባብ ብቻ መፍረድ አይገባም። አንድ ሰው ረጅም ዝርዝር እንዲታይለት ቢያዝ ወይም የስዊቹን አቀማመጥ በማኅደረ ትውስታ ቢያስቀምጥ ጭነቱ ለጥቂት ሴኮንዶች ይዘልላል፤ ይህ በሽታ አይደለም። ፍርድ የሚሰጠው የአምስት ደቂቃውን በማየት ነው። «ሾው ፕሮሰስስ ሲፒዩ ሂስትሪ» የሚለው ትእዛዝም ያለፉትን 60 ሴኮንዶች፣ 60 ደቂቃዎችና 72 ሰዓቶች በሥዕላዊ መግለጫ ያሳያል፤ ሕመሙ የሚነሣበትን ሰዓት ለመለየት እጅግ ጠቃሚ ነው።

በተጨማሪም እያንዳንዱ ስዊች የራሱ ጤናማ ልክ አለው። ለምሳሌ በካታሊስት 2960 የየቀዳዳውን መብራትና የገመዱን መኖር አለመኖር የሚከታተለው ተግባር ብቻውን ከመቶ አሥር እጅና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ይህ የተፈጥሮ ጠባዩ ነው። ጤናማውን ልክ ሳያውቁ የታመመውን መለየት አይቻልም። የሰውነትን ሙቀት ልክ የማያውቅ ሰው ቴርሞሜትር ቢይዝ ምን ይጠቅመዋል?

የምርመራው ቅደም ተከተል

1ኛ. ስዊቹን ከኤሌክትሪክ አትንቀሉት። ነቅሎ መሰካት ለጊዜው ቢያሳርፍም ማስረጃውን ይደመስሳል። ስዊቹ ያጋጠመውን ሁሉ የሚመዘግብበት ማስታወሻና ቆጣሪዎቹ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚጠፉ ናቸው።

2ኛ. ንባቦቹን ከነሰዓታቸው በደብተር ጻፉ። የጭነቱን መጠን፣ የድንገተኛውን ድርሻ፣ ከዝርዝሩ ቁንጮ ያሉትን አምስት ተግባራት መዝግቡ።

3ኛ. የስዊቹን ማስታወሻ «ሾው ሎጊንግ» በሚለው ትእዛዝ አንብቡ። አንድ አድራሻ በሁለት ቀዳዳዎች መካከል እንደሚመላለስ የሚገልጽ ቃል ካለ ትልቅ ፍንጭ ተገኝቷል።

4ኛ. የየቀዳዳውን ቆጣሪ «ሾው ኢንተርፌስስ» በሚለው ትእዛዝ ተመልከቱ። በተለይም «ለሁሉም» ተብለው የሚበተኑት መልእክቶች በየትኛው ቀዳዳ በኩል በፍጥነት እንደሚያድጉ ሁለት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት አንብባችሁ አመሳክሩ።

5ኛ. የመረቡ ቅርጽ ጠባቂ ሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን «ሾው ስፓኒንግ ትሪ» በሚለው አረጋግጡ። ስለዚህ ጠባቂ ዝቅ ብለን እንገልጻለን።

6ኛ. የመሣሪያውን አካል መርምሩ። «ሾው ቨርዥን» ስዊቹ ለምን ያህል ጊዜ ሳይጠፋ እንደቆየና በመጨረሻ የተነሣው በምን ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። ሙቀትን፣ ማራገቢያንና የኤሌክትሪክ መስጫውን የሚያሳይ ትእዛዝም በብዙዎቹ ስዊቾች አለ።

ከላይ የተባለው ሁሉ ፍንጭ ካልሰጠ የመጨረሻው መንገድ ገመድ እየነቀሉ መፈተሽ ነው። ይህም ቢሆን አንድ በአንድ መሆን የለበትም። በመጀመሪያ ከሃያ አራቱ ገመዶች አሥራ ሁለቱ ይነቀላሉ፤ ጭነቱ ካልወረደ እነዚያ ተመልሰው ሌሎቹ አሥራ ሁለት ይነቀላሉ። ጭነቱ በወረደ ጊዜ ከተነቀሉት ውስጥ ግማሾቹ ይመለሳሉ። ጭነቱ እንደወረደ ከቆየ ጥፋተኛው ገና ባልተመለሱት ውስጥ አለ፤ ተመልሶ ካደገ ግን አሁን በተመለሱት ውስጥ ነው። እንዲህ እያደረጉ ከ24 ወደ 12፣ ከ12 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 3፣ ከዚያ ወደ 2፣ በመጨረሻም ወደ 1 ይደረሳል። አምስት እርምጃ ብቻ ነው፤ 2 በ5 ጊዜ ርቢ 32 ሲሆን 32 ደግሞ ከ24 ይበልጣልና። ከየእርምጃው በኋላ ግን አንድ ደቂቃ ያህል ታግሦ ማንበብ ያስፈልጋል።

የተገኘው ምክንያት

ወደ አጋጣሚያችን እንመለስ። ሠራተኛው በማግሥቱ ስዊቹን እንዳይነቅል ተለመነ። ከጧቱ 2 ሰዓት ከ45 ሲሆን ጭነቱ ከመቶ ዘጠና አልፎ ተገኘ፤ የድንገተኛውም ድርሻ ከፍተኛ ነበር። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ይደመሰስ የነበረው ማስታወሻ በዚያን ቀን ሳይጠፋ ተነበበ። አንድ አድራሻ በ7ኛውና በ19ኛው ቀዳዳ መካከል ይመላለሳል የሚል ቃል በተደጋጋሚ ተጽፎበታል። አንድ ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊገኝ አይችልም። ስለዚህ የመልእክቱ መንገድ ቀለበት ሠርቶ ዞሮ ይመጣል ማለት ነው።

የሁለቱን ቀዳዳዎች ገመድ ተከትለን ብንሄድ ሁለቱም ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል አደረሱን። ከጠረጴዛው ሥር አንዲት ባለ አምስት ቀዳዳ አነስተኛ ስዊች አለች። ከግድግዳው መሰኪያ አንድ ገመድ ወደ እርሷ ይገባል፤ ይህ ትክክል ነው። ሁለተኛው ገመድ ቀድሞ ለማተሚያ ያገለግል የነበረ ነው። ማተሚያው ወደ ሌላ ቢሮ ሲወሰድ የገመዱ ጫፍ መሬት ላይ ቀረ። ክፍሉን ያስተካከለ ሰው ገመዱ እግር እንዳይጠልፍ በቅን ልቡና ወደ ሁለተኛው የግድግዳ መሰኪያ ሰካው። ቀለበቱ በዚሁ ተዘጋ።

ሕመሙ ሰዓት የሚጠብቀውም በዚህ ምክንያት ነበር። ትንሿ ስዊች ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከሻይ ማፍያው ጋር በጋራ ማከፋፈያ ነው። መምህራኑ ጧት ሲገቡ ማከፋፈያው ይበራል፤ ለምሳ ሲወጡ ይጠፋል፤ ከቀትር በኋላ ተመልሶ ይበራል። ማታ እንዲሁ። ስለዚህ በምሳ ሰዓት መረቡን ያዳነው የዋናው ስዊች መነቀል ሳይሆን የትንሿ ስዊች መጥፋት ነበር። ሙቀትና ዕድሜ የተከሰሱት ያለ ወንጀላቸው ነው።

ቀለበት ለምን ይህን ያህል ይጎዳል?

በኢንተርኔት ሥርዓት የሚጓዝ ጥቅል የዕድሜ ገደብ አለው፤ በየመንገዱ የዕድሜው ቁጥር በአንድ እየቀነሰ ዜሮ ሲደርስ ይጣላል። የኢተርኔት መልእክት ግን እንዲህ ያለ ገደብ የለውም። ስለዚህ «ለሁሉም» የተባለ አንድ መልእክት ቀለበት ውስጥ ከገባ፣ ቀለበቱ እስኪቆረጥ ድረስ ይዞራል፤ በዞረ ቁጥር ወደ ቀሩት ቀዳዳዎች ሁሉ ቅጂው ይበተናል። አዳዲስ መልእክቶችም እየተጨመሩ ይሄዳሉ።

መጠኑን በቀላል ሒሳብ ማስላት ይቻላል። የኢተርኔት ትንሹ መልእክት 64 ባይት ነው። ከፊቱ 8 ባይት መቀስቀሻ፣ ከኋላው ደግሞ ቢያንስ የ12 ባይት ፋታ ስላለው በገመዱ ላይ የሚይዘው ስፍራ 84 ባይት ወይም 672 ቢት ይሆናል። በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ቢት በሚያስተላልፍ ገመድ ላይ 100,000,000 ለ672 ሲካፈል በሴኮንድ 148,810 ያህል መልእክት ያልፋል። ከእነዚህ ውስጥ «የዚህ አድራሻ ባለቤት ማን ነው?» የሚሉት ጥያቄዎች የስዊቹ የአስተዳደር አድራሻ በዚያው መረብ ውስጥ ካለ ለፕሮሰሰሩም ይደርሱታል፤ እያንዳንዱን አንብቦ «እኔን አይደለም» ማለት አለበት። አዲስ ስዊች ተገዝቶ በዚያው ቦታ ቢተከል ኖሮ እርሱም በዚያው ቀን ይታመም ነበር።

ቀለበትን ለመከላከል ስዊቾች «ስፓኒንግ ትሪ» የሚባል ጠባቂ አላቸው። ይህን ዘዴ የፈለሰፈችው አሜሪካዊቷ የኮምፒዩተር ባለሙያ ራዲያ ፐርልማን ስትሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1985 ነው። ስዊቾቹ በየሁለት ሴኮንዱ የመተዋወቂያ ምልክት ይልካሉ፤ የላኩት ምልክት በሌላ መንገድ ዞሮ ከመጣ ቀለበት መኖሩን ያውቃሉ፤ አንዱን ቀዳዳ ዘግተው መረቡን ቅርንጫፍ እንጂ ቀለበት የሌለው ዛፍ ያደርጉታል።

ታዲያ በዚያ ትምህርት ቤት ጠባቂው የት ነበር? ተመርምሮ ሲታይ በትእዛዝ ተዘግቶ ተገኘ። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። በነባሩ የስፓኒንግ ትሪ አሠራር አንድ ቀዳዳ ገመድ ሲሰካበት 15 ሴኮንድ ያዳምጣል፤ 15 ሴኮንድ አድራሻ ይማራል፤ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ሴኮንድ በኋላ ነው። ተማሪዎች ኮምፒዩተር ከፍተው «መረብ የለም» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ ይህ መዘግየት ያሰለቻል። መዘግየቱን ለማስቀረት ጠባቂውን ማባረር ግን በሩ ይንጫጫል ብሎ ዘበኛውን እንደማሰናበት ነው። ትክክለኛው መፍትሔ ወደፊት እንደምንገልጸው ሌላ ነው።

ሌሎች ምክንያቶች

ጭነት ሁሉ የቀለበት ውጤት አይደለም። ቀለበት ካልተገኘ የሚከተሉት ይመረመራሉ።

ሀ. በቫይረስ የተያዘ ኮምፒዩተር። እንዲህ ያለው ኮምፒዩተር ሌሎችን ለመፈለግ በሴኮንድ እጅግ ብዙ ጥያቄ ይበትናል። ምልክቱ በአንድ ቀዳዳ ብቻ የሚበተኑ መልእክቶች ቆጣሪ በኃይል ማደጉ ነው። በቀዳዳው ላይ ያለው ኮምፒዩተር ተነጥሎ ይጸዳል።

ለ. አንድ ላይ የታጨቀ መረብ። በመቶ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች ከስዊቹ የአስተዳደር አድራሻ ጋር በአንድ መረብ ከተቀመጡ የእያንዳንዳቸው ጥሪ ፕሮሰሰሩን ይነካዋል። መረቡን «ቪላን» በሚባለው ዘዴ በክፍል በክፍል መለያየትና ለአስተዳደሩ የብቻው ክፍል መስጠት ይጠቅማል።

ሐ. የመከታተያ ፕሮግራም ብዛት። ስዊቹን በየጥቂት ሴኮንዱ «እንዴት ነህ?» እያለ የሚጠይቅ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ራሱ ሸክም ሊሆን ይችላል። በተግባሮቹ ዝርዝር ቁንጮ ላይ «ኤስኤንኤምፒ ኤንጂን» የሚል ስም ከታየ የጥያቄው ጊዜ ይራዘም።

መ. የሰንጠረዥ መሙላት። መረብን ከመረብ የሚያገናኙ ከፍ ያሉ ስዊቾች፣ ለምሳሌ ካታሊስት 3560 እና 3750፣ የመንገድ ሰንጠረዣቸውን በቺፑ ውስጥ ይይዛሉ። ስፍራው ሲሞላ ትርፉ ወደ ፕሮሰሰሩ ይገፋል። ስፍራው ለየትኛው ተግባር ምን ያህል እንደተመደበ ታይቶ እንደ ሥራው ጠባይ እንደገና ይደለደላል።

ሠ. የፕሮግራም ጉድለት። ስዊቹ ለረጅም ጊዜ ሳይጠፋ ቆይቶ ነጻው ማኅደረ ትውስታ ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ከሄደ የስዊቹን ፕሮግራም በተሻሻለው እትም መተካት ይታሰባል። ይህ ግን በፈተና ሰሞን የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ የቀድሞው እትምና አቀማመጡ አስቀድሞ መቀዳት አለበት።

ሙቀትን በተመለከተ አንድ ቃል እንጨምር። አቧራና የቆመ ማራገቢያ መሣሪያውን በእርግጥ ይጎዳሉ። ጉዳታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው ስዊቹ በራሱ እየጠፋ በመነሣት፣ ቀዳዳዎች በመሞት ወይም መሣሪያው ጨርሶ በመድረቅ ነው። ሙቀት ብቻውን የፕሮሰሰሩን ጭነት ወደ ዘጠና በመቶ ያወጣዋል ብሎ መደምደም ተገቢ አይደለም።

መከላከያው

የሚከተሉት እርምጃዎች ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት አንድ የዕረፍት ቀን ነው።

በመጀመሪያ ስፓኒንግ ትሪ ሥራ ላይ ይዋል። የ30 ሴኮንዱን መዘግየት ለማስቀረት አንድ ኮምፒዩተር ብቻ በሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ላይ «ፖርትፋስት» የተባለውን ማዘዝ ይበቃል። እንዲህ የታዘዘ ቀዳዳ ሳይጠብቅ ወዲያው ይከፈታል።

በሁለተኛ ደረጃ በእነዚሁ ቀዳዳዎች ላይ «ቢፒዲዩ ጋርድ» የተባለው ይታዘዝ። የስዊች መተዋወቂያ ምልክት በዚያ ቀዳዳ ከገባ ቀዳዳው በራሱ ይዘጋል። ሆኖም ርካሽ ከሆኑት አነስተኛ ስዊቾች አንዳንዶቹ ምልክቱን ሳያሳልፉ ስለሚውጡት በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም።

በሦስተኛ ደረጃ «ስቶርም ኮንትሮል» የተባለው ይጨመር። ለሁሉም የሚበተኑት መልእክቶች ከቀዳዳው አቅም ከተወሰነ እጅ፣ ለምሳሌ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት፣ ሲያልፉ ስዊቹ ትርፉን ይጥላል።

በአራተኛ ደረጃ ሥራ የሌላቸው የግድግዳ መሰኪያዎች ከስዊቹ በኩል ይዘጉ። ገመዶች በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ይለጠፍባቸው። ትንንሽ ስዊቾች የት እንዳሉ ይመዝገብ።

በመጨረሻም የስዊች ደብተር ይከፈት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ የአምስት ደቂቃው ጭነት፣ ነጻ ማኅደረ ትውስታና ሳይጠፋ የቆየበት ጊዜ ይጻፍበት። ማንኛውም ለውጥ ከነምክንያቱና ከሠራው ሰው ስም ጋር ይመዝገብ። በአጋጣሚያችን ጠባቂውን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደዘጋው የሚገልጽ አንድ መስመር እንኳ ቢኖር ሦስት ሳምንት ባልባከነ ነበር።

ስዊች መለወጥ ያለበት መቼ ነው?

ያረጀ ነገር ለዘለዓለም ይኑር አንልም። ከላይ የተዘረዘረው ምርመራ ተደርጎ ምንም ጥፋት ሳይገኝ ጤናማው ጭነት ራሱ ከፍ ብሎ ከቀረ፣ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እየሞቱ ከሄዱ፣ ስዊቹ ያለ ኤሌክትሪክ መቋረጥ በራሱ እየጠፋ ከተነሣ፣ ወይም አምራቹ ለፕሮግራሙ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ካቆመና ስዊቹ ለውጭ መረብ የተጋለጠ ከሆነ፣ የመለወጡ ጥያቄ በማስረጃ ተደግፎ ሊቀርብ ይገባል። በደብተር የተደገፈ ጥያቄ ደግሞ «አርጅቷል» ከሚል አንድ ቃል ይልቅ በበጀት ክፍል ዘንድ ተሰሚነት አለው።

ለክፍል ትምህርት

ይህ ምርመራ ለአይ.ሲ.ቲ. መምህር ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በግማሽ በግማሽ የመፈለጉ ዘዴ ለሎጋሪዝም ትምህርት ተጨባጭ ምሳሌ ነው፤ ተማሪዎች ባለ 48 ቀዳዳ ስዊች ስንት እርምጃ እንደሚፈልግ አስልተው 6 መሆኑን ሊደርሱበት ይችላሉ። የደብተሩ ንባቦች ለአማካይና ለግራፍ ትምህርት ያገለግላሉ። ከሁሉም በላይ ግን ተማሪው «ከዚህ በኋላ ሆነ» እና «በዚህ ምክንያት ሆነ» የሚሉት ሁለት አነጋገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ይማርበታል። ስዊቹ ከተነቀለ በኋላ መረቡ መዳኑ እውነት ነበር፤ በመነቀሉ ምክንያት ግን አልዳነም።

በዚያ ትምህርት ቤት ትርፉ ገመድ ተነቀለ። ጭነቱም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከመቶ አሥራ ሁለት ሆነ። የአምስት ቀን ንባብ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለርእሰ መምህሩ ቀረበ፤ ለሠራተኛው የተዘጋጀውም ደብዳቤ ሳይፈረም ቀረ። ሠራተኛው አሁን የስዊቹን ደብተር የሚይዝ እርሱ ነው። ስዊቹም ከቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ሆኖ ሥራውን ቀጥሏል።

ውድ መምህራን፤ መሣሪያ ሲታመም «ዕድሜው ነው» ከማለታችን፣ ሰው ሲጠረጠርም «ጥፋቱ የእርሱ ነው» ከማለታችን በፊት፣ ንባብ እንውሰድ፤ ገመዱንም እስከ ጫፉ እንከተል።